ድልድዩን የምትዘጋው ቶራ

ቶራ ድልድዩን በዘጋች ቁጥር ስድቡን የምሰማላት እኔ ነበርኩ። ሩበን እባላለሁ፤ ከግራንሆልም ደሴት ወደ ከተማው የሚመላለሰውን አውቶቡስ እነዳለሁ። መንገዱ ሲዘጋ ሰው ብስጭቱን የሚያራግፈው አጠገቡ ባገኘው ላይ ነው፤ አጠገቡ ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ደሴታችን ከዋናው ምድር ጋር የሚገናኘው በዚያ ድልድይ ብቻ ነው። ከሁለቱ ምሰሶዎች አናት ተነስተው እንደ ድንኳን አውታር የተወጠሩ ወፋፍራም የብረት ገመዶች መንገዱን አንጠልጥለው ይይዙታል። በበጋ ላየው ሰው ያምራል። ብርዱ ሲገባ ግን እርጥብ በረዶ ከባሕሩ እየተነዳ መጥቶ ገመዶቹ ላይ ይለጠፋል፤ ይደራረባል፤ ይጠጥራል። ከዚያ ፀሐይ ብልጭ ስትል ወይም ነፋሱ ሲዞር ተሰንጥቆ ይወርዳል። የበር መዝጊያ የሚያህል ግግር ከዚያ ከፍታ ሲወርድ ከታች መኪና ይኑር ሰው ይኑር አይመርጥም።

የቶራ እንጀራ ይህንን መከላከል ነው። ከጓደኞቿ ጋር በምሰሶው ሆድ ውስጥ ባለው አሳንሰር ወደ አናቱ ትወጣና ገመዱን ያቀፈ የሰንሰለት ቀለበት ትለቃለች። ቀለበቱ እየተንሸራተተ ሲወርድ በረዶውን ይፍቀዋል። በጊዜ ከተለቀቀ የሚረግፈው ዱቄት ነው፤ ከዘገየ ድንጋይ ነው። ሰንሰለቱ ያልቻለውን ቀን ደግሞ ከተማ ላለው አለቃዋ ለሄኒንግ ትደውላለች፤ እሱም የእሷን ቃል ይዞ መንገዱ እንዲዘጋ ያዛል።

አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሳቋ ከባሕሩ ማዶ የሚሰማ ሴት ነበረች። ነበረች ያልኩት ሳቁን ነው እንጂ እሷስ አለች። ባሏ ኤይናር ዓሣ በጭስ እያደረቀ የሚሸጥ ነው። «እሱ ቤቱን በጭስ ይሞላል፣ እኔ ሰማይ እጠርጋለሁ፤ ቤታችንን የሚጠርግ ግን ጠፋ» ትል ነበር።

ነገሩ የጀመረው በታኅሣሥ በምናከብረው የብርሃን በዓል፣ በሉሲያ ዕለት ነው። የደሴቱ ልጆች ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ የሻማ አክሊላቸውን ጭነው ከተማው ካቴድራል ሊዘምሩ አውቶቡሴ ውስጥ ተቀምጠዋል። ቶራ ግን ኬላውን ዘግታ ቆማለች። ከፊት ወንበር ላይ አክስት አግዳ ነበረች። አክስት አግዳ ዕድሜዋን ሙሉ ለደሴቱ ዳቦ ስትጋግር የኖረች፣ ምላሷ ከቢላዋዋ የማይተናነስ አሮጊት ናት። መስኮቱን ከፈት አደረገችና፦

«ቶራ! እስካሁን ምን ወደቀ?»

«ምንም አልወደቀም፣ አክስት አግዳ።»

«ታዲያ ምን እየጠበቅን ነው? እንዲወድቅ?»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። ቶራም ሳቀች። «ከወደቀ በኋላማ ብዘጋው ምን ይረባል?» አለች።

«አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ድልድይ ሳይኖር በማዕበል ጀልባ እየነዳ ያሻግረን ነበር። አንቺ ለጤዛ ትደነብሪያለሽ!»

ያን ቀን ምንም ሳይወድቅ ዋለ። ልጆቹ አክሊላቸውን እንደታቀፉ ተመለሱ፤ አንዳንዶቹ ያለቅሱ ነበር። ለበዓሉ ገበያ የተዘጋጀው የኤይናር ዓሣም ደሴቱ ላይ ቀረ። በማግስቱ ሱቅ ስገባ ከዳቦው መደርደሪያ በላይ አንዲት የበረዶ ዘንግ በክር ተንጠልጥላለች፤ ከሥሯ «ተጠንቀቁ፣ ቶራን ጥሩ» የሚል ተጽፏል። ቶራ አይታ ሳቀች አሉ። ኤይናር ግን እቤት፣ «እኔስ የሚገርመኝ፣ የኔ ዓሣ ሲሆን ነው በረዶው የሚጠነክርብሽ» ብሏት ኖሮ፣ እሱ ነው የቆጠቆጣት። ይህን የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

በጥር እንደገና እርጥብ በረዶ መጣ። ቶራና ጓደኞቿ ሰንሰለቶቹን ለቀቁ፤ አንዱ ግን በደቡቡ ምሰሶ በኩል ገመዱ መሃል ተቀርቅሮ ቀረ። ከእሱ በታች ያለው በረዶ ሳይነካ ተንጠለጠለ። ወደ ሄኒንግ ደወለች።

«ብንዘጋው ጥሩ ነበር» አለችው።

«ጥሩ ነበር ነው ወይስ የግድ ነው? አንዱን ንገሪኝ፣ ቶራ። ከበዓሉ ወዲህ ስልኬ እሳት ሆኗል።»

ሄኒንግ ክፉ ሰው አይደለም። የግድ ነው ብትለው ይዘጋው ነበር። እሷ ግን ዝም አለች። ሱቁ፣ ልጆቹ፣ የባሏ ነገር ሁሉ በዓይኗ ሄደ። ከዚያ፣ «በገመዱ ሥር ያለውን መስመር እንዝጋና በወዲያኛው ይለፉ» አለችው። መካከለኛ መንገድ ያገኘች መስሏት ነበር።

በወዲያኛው መስመር ስነዳ የነበርኩት እኔ ነኝ። ቀኑ ብሩህ ነበር። አክስት አግዳ የተለመደ ቦታዋ ተቀምጣ ስለ ልጇ ሚስት ታማልኛለች። ነፋሱ ድንገት ዞረ፤ መሪው እጄ ላይ ሲጎተት ተሰማኝ። የሚወርደውን አላየሁትም። ቀጥ ብሎ አልወረደማ፤ እንደ ክንፍ ተንሳፍፎ በጎን መጣ። የፊት መስታወቱ በቀኝ በኩል ወደ ውስጥ ገባ። አውቶቡሱን አቁሜ ዘወር ስል አክስት አግዳ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ፣ «ሩበን፣ ምን ሆንኩ? ምን ሆንኩ?» ትላለች። በጣቶቿ መሃል ደም ይወርዳል።

ቀኝ ዓይኗ ጠፋ።

መርማሪዎች መጡ፣ ጠየቁ፣ ለኩ፤ ጥፋተኛ የለም ብለው ሄዱ። ነፋሱ ያልተጠበቀ ነበር አሉ። ቶራ ይህን ስትሰማ እፎይ የምትል መስሎኝ ነበር። እሷ ግን እኔን፣ «እነሱ እኮ ስልኩ ላይ ዝም ያልኩትን አልሰሙም» አለችኝ።

ሆስፒታል ልትጠይቃት ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ፤ ብቻዋን አልችልም ብላ ነው። አክስት አግዳ ግማሽ ፊቷ ታሽጎ ተኝታለች።

«ማን ነው?»

«ቶራ ነኝ።»

«በዚህ በኩል ዙሪና ተቀመጪ። በዚያ በኩል አላይሽም።»

ቶራ ዞራ ተቀመጠች። ኮፍያዋን እጇ ላይ ታሽከረክራለች። «አክስት አግዳ፣ መዝጋት ነበረብኝ።»

«አዎ፣ ነበረብሽ። ለምን አልዘጋሽም?»

«ሰው ይስቅብኛል ብዬ።»

«ከሳቁት አንዷ እኔ ነኝ» አለች አሮጊቷ። «ቢሆንም ዓይኑ የኔ ነው። ይቅር ብዬሻለሁ እንድልሽ ከመጣሽ፣ ቶራ፣ ገና አልደረስኩበትም። ዛሬ አይሆንልኝም። ሌላ ቀን ነይ።»

ቶራም ሌላ ቀን ሄደች፤ ደግሞ ሌላ ቀን። አክስት አግዳ ቤቷ ከተመለሰች በኋላም ቶራ እንጨት ትፈልጥላታለች፣ በረንዳዋን ከበረዶ ትጠርግላታለች። አሮጊቷም ስለ ልጇ ሚስት ታማላታለች፣ ስለ ዱቄት ዋጋ ታወራላታለች፤ ስለዚያ ነገር ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አይሉም።

በቀጣዩ ክረምት፣ የዚያው ዓይነት ሰማይ ባለበት ማለዳ፣ ቶራ ለሄኒንግ ደውላ፣ «የግድ ነው» አለችው። ሁለቱም መስመር ተዘጋ። ሰንሰለቶቹ ተለቀዋል፤ ግን በረዶው ከላይ እንደ አዲስ እየዘነበ ነበር። አውቶቡሴን ኬላው ላይ አቆምኩ፤ ከኋላዬ መኪና ተሰለፈ። ከሰልፉ አንድ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ በጎን ወጥቶ ኬላው ላይ ተገተረ። አናጢው ዲድሪክ ነበር። ከኋላ ወንበር ላይ ሚስቱ ቬንዴላ ተጋድማለች፤ ምጥ ይዟታል፣ ያውም ጊዜው ሳይደርስ።

«ክፈቺ!» አላት።

ቶራ ወደ መኪናው ጎንበስ ብላ አየች። «አምቡላንሱስ?»

«በወዲያኛው ጫፍ ቆሟል! አንቺ ዘግተሽበታ! ክፈቺ፣ ቶራ፣ በርሬ አልፋለሁ!»

«አልከፍትም፣ ዲድሪክ።»

«ሚስቴ እኮ ናት! ልጄ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። ከላይ ያለውን እያየሁት አልከፍትልህም።»

ከሰልፉ አንድ የጭነት መኪና ነጂ፣ «ኧረ አንቺ ሴት፣ አንድ መኪና ነው! ዓይንሽን ጨፍነሽ አሳልፊው!» ብሎ ጮኸ። ሌሎችም ተቀበሉት። ቶራ ስልኳን አወጣች። ወደ ከተማው የነፍስ አድን ጀልባ ደወለች፤ ከሰሜን በኩል የተቸገረ መርከብ ሊረዳ ወጥቷል፣ ቶሎ አይደርስም አሏት። ከዚያ ወደ ባሏ ደወለች። የጭስ ቤቱ ከድልድዩ ሥር ስለሆነ ኤይናር ሽርጡን ሳያወልቅ እየሮጠ መጣ።

«ባሕሩ እንዴት ነው?» አለችው።

«መጥፎ ነው።»

«በጀልባህ ትወስዳታለህ?»

ኤይናር ወደ ኬላው አየ፣ ወደ ሚስቱ አየ። «አንቺ ካልከፈትሽ ምን ምርጫ አለኝ?» አላት።

ቬንዴላን ከአውቶቡሴ የኋላ ወንበር ነቅለን ባወረድነው ፍራሽ ላይ ተሸክመን ወደ ባሕሩ አወረድናት። አትጮህም፤ ጥርሷን ነክሳ የባሏን እጅጌ ጨብጣለች። ዲድሪክ ጀልባው ላይ ሲወጣ ወደ ላይ ቀና ብሎ፣ «አንድ ነገር ቢሆኑ ቶራ፣ አንድ ነገር ቢሆኑ!» አለና ሳይጨርሰው ቀረ።

ጀልባው ወጣ። ማዕበሉ አንዴ ያነሳዋል፣ አንዴ ይሰውረዋል። እኔና ተሳፋሪዎቹ የመንገዱን ዳር የብረት አጥር ይዘን ቆመን ስናይ፣ ቶራ ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ ነበር። ገመዶቹን ማየት አለባት፤ ሥራዋ ነው። ባሏ ከኋላዋ በማዕበል ላይ እያለ እሷ ሰማይ ሰማይ ታያለች። «ይታያሉ?» ትለኛለች ሳትዞር። «ይታያሉ» እላታለሁ። «አሁንስ?» «አሁን አይታዩም… አይ፣ ይኸው ወጡ።» ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም።

በቶራ የሬዲዮ መገናኛ ድምፅ ሲመጣ ኤይናር ነበር። ደርሰዋል። ሕፃኗ ወደቡ ላይ አምቡላንሱ ውስጥ ተወልዳለች፤ ስትወለድ አልተነፈሰችም፤ በኋላ ግን አለቀሰች። እናቷ ብዙ ደም ፈሷታል፤ ወደ ሆስፒታል ይዘዋቸው በረሩ። ቶራ መገናኛውን መልሳ ቀበቶዋ ላይ አንጠለጠለች።

በረዶው ከቀትር በኋላ ወደቀ። ትልቅ ነበር፤ ባዶው መንገድ ላይ አርፎ አስፋልቱን ሰነጠቀው። ግን ሁሉም ያሰበውን እኔም አሰብኩት፦ ዲድሪክ ያን ጊዜ ቢያልፍ ኖሮ በሰላም ያልፍ ነበር። ከወደቀው ብዙ ቀድሞ ማዶ ይደርስ ነበር። ዲድሪክም ይህንኑ አለ፤ በሱቁም በቤተ ክርስቲያኑም። ውሸት አይደለም። ቶራም ውሸት ነው ብላ አታውቅም።

ልጅቷ እያደገች ነው፤ ስሟ ኤልሳ-ማሪት ነው። አንዱ ጆሮዋ አይሰማም። ሐኪሞቹ ከዚያ ማለዳ ጋር ይያያዝ አይያያዝ ማወቅ አይቻልም አሉ። ዲድሪክ ግን የሚያውቅ ይመስለዋል፤ ቶራን መንገድ ላይ ሲያያት ይሻገራል።

ቶራ በዚያው ፀደይ ከድልድዩ ሥራ ልውጣ ብላ ጠየቀች። በጋውን ከመንገድ ቀቢዎች ጋር ነጭ መስመር ስትቀባ አሳለፈች። በቦታዋ የሚቀጠር ሰው ተፈለገ፤ ከደሴቱ አንድም የጠየቀ አልተገኘም። ስድቡን ማን ይፈልጋል? ብርዱ ሲቃረብ ሄኒንግ ራሱ ቤቷ መጥቶ ለመናት። ኤይናር፣ «እምቢ በይው» አላት። እሷ ግን ተመለሰች። ከኤይናር ጋር ለረጅም ጊዜ ተኳርፈው እንደነበር የምናውቀው ጎረቤቶች ነን።

ባለፈው ሳምንት ሱቅ ውስጥ ወረፋ ቆመን ሳለ ቬንዴላ ልጅቷን አዝላ ገባች። ቶራን አየቻትና ሳትሸሽ ቀረበች። የሱቁ ሻጭ ሳይቀር ጆሮውን አቆመ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ቬንዴላ። «ነገ ያው ቀን ቢመጣ፣ እኔም ያው ኬላው ላይ ብሆን፣ ትዘጊዋለሽ?»

ቶራ ልጅቷን አየች። ጥያቄው ከእንቅልፍ ሲያስነሳት የቆየ መሆኑ ፊቷ ላይ ይታያል።

«እዘጋዋለሁ» አለች።

ቬንዴላ ራሷን ነቀነቀች። መስማማት ይሁን፣ መሰናበት ይሁን፣ ወይም እንደገመትኩት ነሽ ማለት ይሁን ከእኛ ያወቀ የለም። ወተቷን አንስታ ከፍላ ወጣች። ቶራም ወረፋዋን ትታ ወደ መስኮቱ ሄደችና ወደ ድልድዩ በኩል ሰማዩን አየች። ከባሕሩ በኩል ግራጫ ደመና እየመጣ ነበር።