ድንኳኑ ገፈርሳ ያደረ ጊዜ

በአንዳንድ ሰፈር የእድር ድንኳን ለሠርግም ለክርስትናም ይውላል። የእኛ እድር መሥራቾች ግን ለቅሶ ያየ ሸራ ዘፈን መስማት የለበትም ብለው በመተዳደሪያው ላይ አስፍረው ነበርና፣ ድንኳናችን ከሐዘን በቀር ለሌላ ነገር ከዕቃ ቤቱ ወጥቶ አያውቅም። ቡራዩ ላይ የእድሩ ሰብሳቢ ሆኜ ባገለገልሁበት ዘመን ይህ ሕግ አንድ ጊዜ ብቻ ተጣሰ። ያስጣስሁት እኔ ነኝ፤ ለዚያ ያበቃችኝም ልጄ ናት። ይህን የምጽፈው ግን ንስሐ ለመግባት አይደለም።

ዓመቱ የማስተር ፕላኑ ዓመት ነው። ከሰበታ እስከ ሱሉልታ፣ ከገላን እስከ ቡራዩ፣ አዲስ አበባን የከበቡት ከተሞች ሁሉ መሬታችን ሊወሰድ ነው በሚል ቁጣና ስጋት ተይዘው ነበር። መንገዱ ዛሬ ቢከፈት ነገ በድንጋይና በግንድ ይዘጋል፤ ትምህርት ቤቱ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። በአንድ ወንበር የሚቀመጡ ልጆች በእረፍት ሰዓት በየቋንቋቸው ተለይተው መቆም ጀምረው ነበር። እኔ በቤተ ክርስቲያናችን ዜማና ቅኔ የማስተምር ሰው ነኝና ሰው ሁሉ የኔታ ይለኛል፤ በዚያ ሰሞን ከእኔ ዘንድ የሚመጡት ደቀ መዛሙርት እንኳ ከወትሮው በግማሽ አንሰው ነበር።

ልጄ በከተማው ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ የተፈጥሮ ክበብም አላት። የክበቧን ሃያ አራት ተማሪዎች ይዛ ከገፈርሳ ግድብ ሐይቅ ዳር፣ ከተራራው ሥር ከባሕር ዛፉና ከጥዱ መካከል፣ ሁለት ሌሊት ልታድር አሰበች። አንድ ቀን ከማኅሌት ስመለስ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«አባባ፣ ድንኳን እፈልጋለሁ» አለችኝ።

«ይከራያል እኮ።»

«የሚከራየውን አይደለም፤ የእድሩን ነው።»

«ልጄ፣ እንባ የጠጣ ሸራ ነው።»

«እሱን የምፈልገውም ለዚሁ ነው። ሃያ አራቱንም ቤት ዞሬያለሁ። የኦሮሞዋም እናት፣ የጉራጌውም አባት፣ የአማራውም፣ ከማን ጋር ነው የሚያድሩት ይሉኛል። በእድሩ ድንኳን ነው ስላቸው ግን እሺ ይላሉ። ሁሉም ተቀምጦ አልቅሶበታላ።»

«ብያቸዋለሁ ነው የምትይኝ?»

ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። «ብያቸዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

ልቆጣ ቃጣኝ፤ ግን ሰው ሁሉ በሩን ቆልፎ በሚቀመጥበት በዚያ ወራት ሃያ አራት ወላጆችን በአንድ ቃል ያስማማ ሌላ ሰው አላውቅም ነበርና እሺ አልኋት።

በእሑዱ ስብሰባ ጉዳዩን አቀረብሁ። የእድሩን ዕቃ የሚጠብቁ አንድ የኦሮሞ ሽማግሌ ነበሩ፤ ቁልፉን በአንገታቸው አንጠልጥለው ስለሚዞሩ አገሩ ሁሉ ኦቦ ድንኳን፣ አቶ ድንኳን እንደ ማለት፣ ይላቸዋል። ገና ሳልጨርስ ተነሡ።

«የኔታ፣ ድንኳኑ ሽርሽር ሲሄድ ሞት ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል? ሞት እድርተኛ አይደለም፤ ስብሰባም አይጠራም።»

ሰዉ ሳቀ። እኔም በተማርሁት መጽሐፍ መለስሁላቸው፤ ድንኳን አስቀድሞ ለለቅሶ እንዳልተተከለ፣ አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር እንግዳ የተቀበለው በድንኳን እንደ ነበረ፣ ታቦተ ሕጉም በምድረ በዳ ያደረው በድንኳን እንደ ሆነ አስረዳሁ።

«የእኛም ኢብራሂም እንግዳ ወዳጅ ነበሩ፤ በዚህስ የኔታን አልከራከርም» አለ ጨርቅ ነጋዴው ሙስሊም ጎረቤታችን።

«አብርሃም እድር አልነበረውም» አሉ ኦቦ ድንኳን፣ ሳይቀመጡ።

በዚህ ጊዜ ቃል ሰጠሁ። በእነዚያ ሁለት ቀናት ሰው ቢሞት፣ ለቀስተኛ ተሰብስቦ ሳይቀመጥ ድንኳኑ ከሟቹ ደጅ ይተከላል፤ ይህ ባይሆን ሰብሳቢነቱን እለቃለሁ፤ ልጄም ዳግመኛ የሰው ልጅ ይዛ ልሂድ አትልም። እጅ ወጣ፤ ተፈቀደ።

ኦቦ ድንኳን ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡ፤ ነገር ግን አልሰጡኝም። «እንግዲያው እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ይህ ሸራ ያለ እኔ ከቤት ውጭ አድሮ አያውቅም» አሉ።

እንዲህ ሆነና አንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ በአይሱዙ ላይ ተጭነን፣ መምህርቷ፣ ሃያ አራት ተማሪዎች፣ ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ የሐዘን ድንኳን ገፈርሳ ወረድን። የነቢያት ጾም ነበርና ስንቃችን ሽሮ፣ ድንች፣ ቆሎና ድፎ ዳቦ ነው። ውኃው እንደ ተወለወለ ብርት ረግቶ፣ የተራራውን ጥላ በሆዱ ይዞ ነበር።

ኦቦ ድንኳን ተማሪዎቹን በረድፍ አቁመው ድንኳን አተካከል አስተማሩ። ቋሚው በየት እንደሚሰካ፣ አውታሩ ወደ ነፋሱ ምን ያህል እንደሚወጠር፣ ካስማ ሲመታ ራሱ እንጂ ጎኑ እንደማይመታ አሳዩ። አንዱ ልጅ ካስማውን አጣምሞ ቢመታው ቀረብ አሉት።

«ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ እንዲህ ከተተከለ ለቀስተኛው ላይ ይወድቃል። ያን ጊዜ ሁለተኛ ድንኳን እንፈልጋለን።»

ሦስት ጊዜ አስተክለው ሦስት ጊዜ አስነቀሉ። በአራተኛው ሴቶቹና ወንዶቹ እሽቅድምድም ገጠሙ፤ ሴቶቹ አሸነፉ። ድንኳኑ መጋረጃ አለውና በስተ ቀኝ ልጄ ከሴቶቹ ጋር፣ በስተ ግራ እኛ ከወንዶቹ ጋር አደርን። ብርዱ አጥንት ይገባ ነበር። ኦቦ ድንኳን ጋቢያቸውን ተከናንበው ከካስማዎቹ ከረጢት ላይ ራሳቸውን አሳርፈው ተኙ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ተማሪዎቿን ወደ ውኃው ዳር ወሰደች። በሣሩ ላይ የሚግጡትን ዝዮች እያሳየች፣ ክንፋቸው ሰማያዊ የሆኑት ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በሌላ አገር እንደማይገኙ፣ ብርዱን ለመቋቋም ላባቸው እንደ ተደረበ ነገረቻቸው። ከዚያ ዘወር ብላ፣ «አሁን ደግሞ የኔታ ይንገሩን» አለች። እኔም በዓይን የሚታየው ፍጥረት በስንት ቀን እንደ ተፈጠረ፣ በሐሙስ ዕለት ከባሕር የወጡት በደመ ነፍስ የሚኖሩ ፍጥረታት በልብ የሚሳቡ፣ በእግር የሚሽከረከሩ፣ በክንፍ የሚበርሩ ሆነው በሦስት ወገን እንደ ተከፈሉ፣ የስድስቱን ቀን ፍጥረት በሚተርከው በአክሲማሮስ ሥርዓት ነገርኋቸው። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«የኔታ፣ በፈተና ላይ የማንን እንጻፍ?»

«ፈተናውን ማን ያርማል?»

«እሷ።»

«እንግዲያው የእሷን ጻፉ፤ የእኔን ግን አትርሱ» አልሁ። ልጄ ስትስቅ በውኃው ዳር አየኋት። አርባ ዓመት ሙሉ ብዙ ደቀ መዛሙርት አስተምሬአለሁ፤ እርሷ እንዳፈራቻቸው ሳይፈሩ ጥያቄ የሚጠይቁ ተማሪዎች ግን አላፈራሁም።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ስልኬ ጮኸ። የእድሩ ጸሐፊ ነበር። አንዲት የእድራችን ሴት ንጋት ላይ ማረፏን፣ ቀብሩም በዘጠኝ ሰዓት እንደሚሆን ነገረኝ። ሴትየዋን አውቃታለሁ። በገበያ ጥጥ ፈትላ የምትሸጥ፣ ከሩቅ አገር መጥታ በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ብቻዋን የምትኖር ናት፤ በሰው ለቅሶ ሁሉ ቀድማ ደርሳ ውኃ የምትቀዳና ድስት የምታጥብ እርሷ ነበረች።

«ግን የኔታ፣ እንዳይቸገሩ» አለ ጸሐፊው። «መንገዱ ከሌሊት ጀምሮ ተዘግቷል፤ እግረኛ ነው እንጂ መኪና አያልፍም። ደግሞም ዘመድ የላትም። ላስቲክ ወጥረን እናሳልፈዋለን። ማንም አይወቅስዎትም።»

እውነቱን ልጻፍ። «እሺ» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። የሰው ልጆች አደራ አለብኝ፤ መንገዱ ተዘግቷል፤ የሰጠሁትን ቃል እንድሽር ሕጋዊ ምክንያት ተሰጥቶኛል። ቆይ ብዬው ለልጄ ነገርኋት።

ዝዮቹን የምትመለከትበትን መነጽር ከአንገቷ አወረደች። «አባባ፣ ባለ ዘመድ ብትሆን ኖሮ ምን ይሉኝ ነበር?»

ጸሐፊው መልሴን ይጠብቅበት የነበረውን ስልክ ዘጋሁት።

«ወላጆቹ ልጆቻቸውን የሰጡን ድንኳኑን አምነው ነው» አለች። «ድንኳኑ ሰው የሌለው ሰው ሲሞት የማይመጣ ከሆነ ምኑን አመኑት? እግረኛ የሚያልፍ ከሆነ ተሸክመነው እንሄዳለን።»

ኦቦ ድንኳን ከኋላዬ ቆመው ሰምተው ኖሮ፣ ሄደው የመጀመሪያውን ካስማ ነቀሉ።

ልጄ ለተማሪዎቹ የሆነውን ነገረቻቸው፤ ሁለተኛው ሌሊት እንደ ቀረም አልደበቀችም። ጥቂቶቹ ቅር አላቸው፤ አንዱም በግልጽ አጉረመረመ። ሆኖም ድንኳኑ ፈጥኖ ወረደ። ሸራው በሦስት ተጠቀለለ፤ እያንዳንዱን ጥቅል አራት አራት ልጆች በትከሻቸው አነሡ። የብረት ቋሚዎቹን ሁለት ሁለት ሆነው ያዙ፤ ገመዱንና ካስማውን ሴቶቹ ተካፈሉ። ማን ከማን ጋር እንደሚይዝ የመረጠ አልነበረም፤ በቁመት የሚመጣጠኑ ተጣመሩ። ድስቱንና ስንቁን ለግድቡ ጠባቂ አደራ ሰጥተን ወደ አስፋልቱ ወጣን።

ሁለት ሰዓት ያህል ተጓዝን። ዳገቱ ላይ ትከሻ እየተለዋወጡ፣ በወሬ መካከል የአንዱ እግር ካልተስተካከለ ሌላው እየተሳደበ፣ ደግሞ እየሳቁ። እኔ ከኋላ ስከተል የዘወትር ጸሎቴን እደግም ነበር፤ ግን ልቤ ከቃሉ ይልቅ ከፊቴ የምትሄደውን፣ የገመድ ጥቅል በትከሻዋ ያንጠለጠለችውን ልጄን ይከተል ነበር።

ከተማው ልንገባ ስንል መንገዱ በግንድና በድንጋይ ተዘግቶ ወጣቶች ቆመዋል። አንዱ በነጠላ ፊቱን ሸፍኗል። ሰልፋችንን ባዩ ጊዜ ተነሡ፤ ልጄም ተማሪዎቹን አቁማ ከፊት ሆነች።

«ወዴት ነው?» አለ ነጠላ የለበሰው።

«አዋልቻ» አሉ ኦቦ ድንኳን፤ ቀብር ማለታቸው ነው።

«ማን ሞተ?»

«አታውቃትም። ዘመድም የላት።»

«ዘመድ ከሌላት ይህ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?»

«እድር ነዋ።»

ሌላው ወጣት ሸራውን ነካ ነካ አድርጎ ፈገግ አለ። «አባባ፣ ማስተር ፕላኑ ድንኳናችሁንም ሊወስድባችሁ መጣ እንዴ? ይዛችሁ የምትሸሹት።»

«ይምጣና ይውሰደው» አሉ ኦቦ ድንኳን ላባቸውን እየጠረጉ፤ «ሲሸከመው ይመልሰዋል።»

ወጣቶቹ ሳቁ። ነጠላ የለበሰው ፊቱን ገለጠ፤ ገና ጢሙ በወጉ ያልወጣ ነበር። ግንዱን በአንድ ወገን አንሥተው አሳለፉን፤ ከእነርሱም ሁለቱ ከእኛ ተማሪዎች ሸክም ተቀብለው እስከ ሰፈራችን መታጠፊያ ድረስ አብረውን መጡ። ወጣቶቹ ሲመለሱ ኦቦ ድንኳን «ገለቶማ» ብለው አመሰገኗቸው።

በሟቿ ደጅ ጸሐፊው አንድ ቢጫ ላስቲክ በአጥሩና በባሕር ዛፍ ምሰሶ መካከል ወጥሮ ነበር። ለቀስተኛው ገና አልተቀመጠም። እኛን ባየ ጊዜ እጁን አፉ ላይ ጫነ። እኛ ሽማግሌዎች ስንተክለው ግማሽ ቀን የሚፈጅብንን ድንኳን ተማሪዎቹ ጸሐፊው ላስቲኩን ጠቅልሎ ሳይጨርስ አቆሙት። ኦቦ ድንኳን ካስማዎቹን አንድ በአንድ በእግራቸው ነክተው ፈተኑ፤ አንዱም አልተነቃነቀም።

ከቀብር መልስ ሰው ወደ ድንኳኑ ገባ። በዚህ ጊዜ አንድ ችግር ታየ። ለቀስተኛ ሲገባ አስቀድሞ የሚያጽናናው ኀዘንተኛ ያስፈልገዋል፤ ከፊት ያለው የኀዘንተኛ ወንበር ግን ባዶ ነበር። የገባው ሰው ሁሉ ወደዚያ እያየ፣ የሚለውን አጥቶ ይቀመጣል። ልጄ አቧራዋን ሳታራግፍ ሄዳ ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ ተማሪዎች፣ ሙስሊሞቹም ክርስቲያኖቹም፣ ሻሻቸውን አስተካክለው በግራና በቀኝ አጠገቧ ተደረደሩ። ከዚያ ወዲህ ሰዉ እየቀረበ፣ በየቋንቋው፣ እያጽናና ያልፍ ጀመር።

ተራዬ ደረሰ። ልትነሣልኝ ስትል በእጄ ገትቼ አስቀመጥኋት፤ ኀዘንተኛ ለለቀስተኛ አይነሣምና።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኋት።

«አሜን፤ እርስዎንም» አለችኝ፣ እንደ ማንም ለቀስተኛ ቆጥራኝ።

ሄጄ ከወንዶቹ መካከል ተቀመጥሁ። ከሌላ ሰፈር የመጣ አንድ ሰው ወደ እኔ ዘንበል ብሎ በሹክሹክታ፣ «የኔታ፣ ሴትየዋ ልጅ አልነበራትም ሲባል ነበር የሰማሁት። ያችኛዋ ልጅዋ ናት?» አለኝ።

የእኔ ናት ልለው ምላሴ ተነሥቶ ነበር። ያን ቀን ያንን ቃል ለመናገር የነበረኝን ጉጉት እግዚአብሔር ያውቃል።

«ዛሬስ ልጅ አላት» አልሁት።