አባቴ የፈረመበት ማመልከቻ

ልጅ ሆኜ የአባቴን መምጣት የሚነግረኝ አፍንጫዬ ነበር። ቡና ሊያመጣ ጎሬ ወጥቶ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆይና፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና ከመንገዳችን ጫፍ ይሸተኛል፤ ናፍጣ፣ የጋለ ጎማ፣ የቡና ጆንያ፣ በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ የበሰለ ማንጎ። ዛሬም ናፍጣ ሲሸተኝ ልቤ ብድግ ይልና መልሶ ይቀመጣል። ዕድሜ ነው መሰለኝ፣ አሁን አሁንማ ብድግ ለማለትም ይሰንፋል።

ዘመኑ የጃንሆይ ማብቂያ አካባቢ ነው። እንደ እኔ ያኔ ጋምቤላ ያደገ ሰው ያስታውሳል፤ በበጋ መንገዱ ሲደርቅ የጭነት መኪና ከደጋ ቡና ይዞ ይወርዳል፣ ጨውና አቡጀዲ ጨርቅ ይዞ ይመለሳል። የማያስታውስ ካለ ስለ ፀሐዩ ልንገረው። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ጆንያ የሚሸከም ሰው በገንዘብም በልመናም አይገኝም ነበር። ጭነት የሚወርደው ማለዳ፣ ምድሩ ሳይግል ነው። ከዚያ በኋላ የደረሰ መኪና እንደተጫነ ቆሞ ያድራል። ሜዳ ላይ ከቆመ ጎማው በፀሐይ ይፈነዳል ብለው ሾፌሮቹ ስለሚሰጉ ጥላ ፍለጋ ይዞራሉ። ጥላው ያለው ደግሞ እኛ ሰፈር ነው። ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ማንጎ ተክለው ነበር፤ የመኪና ማደሪያ ይሆናል ብለው ግን አልነበረም።

ቡና በሚበዛበት ወር አምስት ስድስት መኪና በደጃችን ይደረደራል። ወደ ኋላ ሲሄዱ አጥር ይገረስሳሉ፣ ዘይት ያንጠባጥባሉ፣ ጠዋት ሞተር ሲያሞቁ ጭሱ በመስኮት ገብቶ ከእኛ ጋር ቁርስ ይበላል። እኛ ልጆች ግን ደስታችን ነበር። ለድብብቆሽ ከጎማ ኋላ የተሻለ ቦታ የለም። እናቴ ያጠበችው ነጠላ ጥቁር ነጠብጣብ ይዞ ስታገኘው፣ "የራሳቸው ደጅ ምን ሆኖባቸው ነው እዚህ የሚመጡት?" እያለች ታማርራለች። ይህን ሁሉ የምትለው የአባቴን መኪና ተደግፋ ነው።

ምክንያቱም የአባቴ መኪና መኪና አልነበረም፤ የእኛ ነበር። የአንድ የጎሬ ነጋዴ ንብረት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ ግን ሰፈሩ "የደምሴ መኪና" ነው የሚለው። የታመመ ወደ ጎሬ ያወጣል። ሲመለስ ከዳገቱ ድንችና ጎመን ይዞ ይወርዳል፤ ከጎናችን ሱቅ ላላቸው ለጋሽ ሰይድም፣ ከማዶ ዓሣ ለምትሸጠው ለአቻንም ድርሻቸው አይቀርም። ነጋዴው አንድ ሕግ ነበረው፤ ሾፌር ከጭነቱ አይለይም። ደጃችን ላይ እስከቆመ ድረስ ይህ ሕግ አይከብደንም ነበር። ከመኪናው እስከ አባቴ አልጋ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ በእኔ እርምጃ። መስኮቱን ከፍቶ፣ አንድ ጆሮውን ለጭነቱ ትቶ፣ በሌላው የእኛን ወሬ እየሰማ ይተኛል። በሁለት ሳምንት አንዴ የምናገኘው አባት ይኼ ነበር፤ አንድ ማታና አንድ ማለዳ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ በሌለበት፣ የማናውቀው መኪና ደጃችን ቆሞ ነበር። ኦሞድ የሚባል የአቻን ልጅ፣ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፣ ሙቀቱ ሲበዛበት መኪናው አፍንጫ ሥር ገብቶ እንቅልፍ ወሰደው። ረዳቱ ከኋላ ጎማ ታኮውን አነሳና ተሰቀለ። ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። አቻን ከአጥሯ ማዶ ዓሣ ስታጸዳ ቀና ስትል አየች። ጩኸት የሰማ ሰው የለም፤ እኔም አልሰማሁም። የሰማሁት የጋቢናውን በር በያዘችው ዓሣ ስትደበድበው ነው። መኪናው ቆመ። ልጁን ጎትታ ስታወጣው እንቅልፉን አልጨረሰም ነበር። ሾፌሩ ወርዶ ባየ ጊዜ እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አለ።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ አላረፈም። አባቴ በሦስተኛው ቀን ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ጠበቁት። አስተማሪዬ ወረቀትና ቀለም ይዘው መጡ። ለማዘጋጃ ቤቱ ሹም ማመልከቻ ሊጻፍ ነው። ፀሐይ ስለነበር ሰው ሁሉ በአባቴ መኪና ጥላ ሥር ተቀመጠ። ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል፤ አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ ጥላው የምን ጥላ እንደሆነ አላየም። አስተማሪዬ "ማንኛውም ከባድ የጭነት መኪና በመኖሪያ ቤቶች መካከል እንዳይቆም" ብለው ሲያነቡ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ወረቀቱ የተፈረመው በአባቴ መኪና ፓራፋንጎ፣ በጎማው ክዳን ላይ ተዘርግቶ ነው፤ ለጥ ያለ ሌላ ነገር በአካባቢው አልነበረም። መጀመሪያ የፈረመው አባቴ ነው። "ሾፌር ሲፈርም ክብደት አለው" አሉት ጋሽ ሰይድ፤ እሱም ኮራ ብሎ ፈረመ። ቀጥሎ እናቴ የጣት አሻራዋን አሳረፈች። ጣቷን ስትጠርግ ያገኘችው የመኪናውን ሸራ ጫፍ ነበር።

መልሱ እንዲህ ቶሎ ይመጣል ያለ አልነበረም። አዲሱ ሹም ሥራ የሚወዱ ሰው ኖረዋል። ወር ሳይሞላ ማስታወቂያው ማንጎው ግንድ ላይ በምስማር ተመታ። የሰፈሩ ልጆች ማንበብ እንችላለን ስለሚሉ ቀድሜያቸው ሮጥኩና ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ማንኛውም ከባድ የጭነት መኪና ከከተማው ጫፍ ባለው ሜዳ ላይ እንጂ በዚህ መንገድ እንዳይቆም። ሰዉ አጨበጨበ። እናቴም አጨበጨበች። ከዚያ የሁሉም ዓይን ቀስ እያለ ወደ ደጃችን ዞረ፤ አባቴ ትናንት ያቆመው መኪና እዚያው ነበር። ጭብጨባው በየት በኩል እንደጠፋ አላውቅም። ጋሽ ሰይድ ጢማቸውን እያሻሹ፣ "ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል አሉ" ብለው ለመሳቅ ሞከሩ፤ ሰው ግን አላገዛቸውም።

በዚያው ቀን ሌላ ወረቀት ተጻፈ። የደምሴ መኪና በሰፈሩ ሙሉ ፈቃድ ደጁ ይቆም የሚል። ጋሽ ሰይድ ራሳቸው ሹሙ ዘንድ ሄደው ጠይቀው ነበርና፣ ሰፈሩ ከተስማማና ሾፌሩ ከፈረመ ይታያል ተብለዋል። ያ ማለት ይፈቀዳል ማለት ነው፤ የዚያን ጊዜ ሰው ይህን ያውቃል። ሁሉም ፈረመ። አቻንም ኦሞድን በጀርባዋ አዝላ መጣች።

"የእሱ መኪና ልጅ ያውቃል" አለች ወደ መኪናው እያሳየች። "ሌላ መኪና ነው ልጅ አያውቅም።"

"መኪና ልጅ አያውቅም፣ አቻን" አለ አባቴ። ወረቀቱን ይዞ ብዙ ቆየ። እናቴ ቀለሙን በእጇ ይዛ ነበር የቆመችው። ያ ወረቀት ካልተፈረመ አባቴ ጭነቱ ጋር ሜዳ ላይ ሊያድር ነው። ቤታችን እሱ የማያድርበት ቤት ሊሆን ነው።

አባቴ አልፈረመም፣ እንቢም አላለም። እኔን ጠራኝና አንስቶ ጋቢና ውስጥ አስገባኝ። የራሱ ወንበር ላይ አቆመኝ። "አሁን ዓይንሽ ከእኔ ዓይን እኩል ሆነ" አለኝ። መሪውን መያዝ ተፈቅዶልኝ ስለማያውቅ ደስታዬን የምይዝበት አልነበረኝም። እሱ ወርዶ ወደ መኪናው ፊት ሄደ፤ ትከሻው ታየኝ፣ ቆቡ ታየኝ፣ ከዚያ ዝቅ ሲል ጠፋ። መኪናው የድሮ ነው፣ አፍንጫው ረጅም ነበር።

"እታይሻለሁ?" አለኝ ከታች።

ድብብቆሽ መሰለኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፣ አባቴ ከእኔ ጋር ተጫውቶ አያውቅም፣ ጨዋታው ደግሞ ቀላል ነው። ወንበሩ ላይ እየዘለልኩ፣ "አትታየኝም!" አልኩት።

"ደህና አድርገሽ እዪ።"

"አትታየኝም አልኩህ እኮ፣ አባባ!"

 ሲነሳ ጉልበቱን ይዞ ነው የተነሳው። ወረቀቱን ለጋሽ ሰይድ መልሶ ሰጣቸው፤ "በእጄ ፈርሜያለሁ፣ በእጄ አላፈርሰውም" አላቸው። እናቴ የቀለሙን ጠርሙስ ከድና ወደ ቤት ገባች። እኔ ገና ጋቢና ውስጥ ነኝ፤ ተራው የእኔ መስሎኝ ተደብቄ እስኪፈልገኝ እጠብቃለሁ። ያወረደኝ ረዳቱ ነው።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ሜዳው ላይ አደረ። ሜዳው ላይ አንድ ዛፍ አልነበረም። ጎማዎቹ ላይ እርጥብ ጆንያ እየጣለ፣ እሱ ጋቢና ውስጥ እግሩን አጥፎ ተኛ። መጀመሪያ መጀመሪያ ገና ሳይመሽ ከእናቴ ጋር ራቱን ይዘን እንሄድ ነበር። ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ይበላል፣ ስለ ትምህርቴ ይጠይቀኛል፣ ዓይኑ ግን ጭነቱ ላይ ነው። መንገዱ ለእናቴ ራቀባት፤ ታናሽ እህቴን አርግዛ ነበር። ራቱን በሰው መላክ ጀመርን። ቀጥሎ እሱ ራሱ፣ "አትልፉ፣ እዚሁ እበላለሁ" አለ። ማንም ማንንም አልበደለም። የሚያደክመኝም ይኸው ነው፤ የምቆጣው ሰው ባገኝ ኖሮ እስከ ዛሬ ወጥቶልኝ ነበር።

ክረምት ሲገባ መንገዱ በጭቃ ይዘጋና መኪናው ጎሬ ይቀራል፤ አባቴ እንደምንም ብሎ ሳምንት ያህል እኛ ጋር ይመጣል። በዚያ ዓመት ሲመጣ ስንት ነገር አስቤ ነበር። አልጋው ተነጥፎ ጠበቀው። እሱ ግን ጋደም ማለት አልሆነለትም። ቀን ቀን ግድግዳ ተደግፎ፣ እግሩን አጥፎ፣ ቁጭ እንዳለ ያንቀላፋል። እናቴ ትራስ ስታመጣለት ከትራሱ አጠገብ መልሶ እንደዚያው ይተኛል። ኋላም ታናሽ እህቴ ተወልዳ አፍ ስትፈታ "እንግዳው" ብላ ነው የጠራችው። እሱም ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። እናቴ ስትስቅ ግን አላየኋትም።

ዓመታት አለፉ፤ መንግሥት ተለወጠ፣ ነጋዴውም መኪናውም በየፊናቸው ሄዱ። አባቴ ጡረታ ወጥቶ ቤት ከተቀመጠ በኋላ እንኳ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይነሳ ነበር።

"ወዴት ነው?" ትለዋለች እናቴ።

"ልሂድ እንጂ፣ መሸ እኮ።"

"ተቀመጥ። የምትጠብቀው ነገር የለም።"

ይቀመጣል። የት እንደሚቀመጥ ግን በገዛ ቤቱ ግራ ይገባው ነበር።

እኔ ዛሬም የምኖረው በዚያው ሰፈር ነው። በመንገዳችን መግቢያ ላይ የጭነት መኪና የተሰረዘበት የብረት ምልክት ቆሟል፤ ለሰፈሩ ወጣቶች ሁልጊዜ እዚያ የነበረ ይመስላቸዋል። የዛሬ መኪኖች እንደሆነ የዚያን ጊዜውን ሦስቱን አንድ ላይ ይውጣሉ፤ ከምልክቱ ማዶ ተደርድረው ያድራሉ። ሾፌሮቻቸው ሞባይላቸውን እያበሩ ልጆቻቸውን ፊታቸውን እያዩ ሲያናግሩ አያለሁ፤ እኛ ይህም አልነበረን። ማንጎዎቹ ግማሾቹ ተቆርጠዋል፣ በቀሩት ሥር ሕፃናት ምንጣፍ አንጥፈው ይተኛሉ። ማንም አይቀሰቅሳቸውም። ሳያቸው ደስ ይለኛል፤ ደስታውም ያደክመኛል።

አባቴ ሊሞት ዓመት ሲቀረው ከማንጎው ሥር አብረን ተቀምጠን፣ ያንን የጋቢና ቀን አነሳሁበት። ረስቶታል ብዬ ነበር። አልረሳውም። የእኔን እጅ ይዞ እንዲህ አለኝ፦

"እስከ መጨረሻው ዝቅ አላልኩም ነበር እኮ። ለሰዉ ቁጢጥ ያልኩ መስዬ ጉልበቴን በግማሽ ነበር ያጠፍኩት። ትንሽ እንኳ ብታዪኝ፣ እንድፈርም ብዬ። በሁለተኛው ጊዜማ በእግሬ ጣት ነበር የቆምኩት።"

 የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እውነቱን ነው የተናገርኩት። እውነትም አልታየኝም ነበር።