የሹሙ ፍሪሲዮን

የልጅ ልጄ የመኪናውን ፍሪሲዮን ሲረግጥ ሲጢጥ ይላል። በሰማሁት ቁጥር ዓይኔ ጎታ ይፈልጋል።

በጣሊያን ጊዜ፣ ደብረ ታቦር፣ የጣሊያኑ ሹም መኪና እንዲሁ ሲጢጥ ሲል የቆሰለውን አርበኛ አጎቴን የእህል ጎታ ውስጥ እንደብቀው ነበር። አንድ ቀን ሹሙ ግቢያችን ገብቶ፣ ብረት ቀጥቃጩን አባቴን ጩኸቱን እንዲያጠፉለት አዘዛቸው። አጎቴ ጎታው ውስጥ ነው። ሳል ስለነበረበት ጆሮዬ ወደ ጎታው ነበር።

እናቴ ቅቤ ይዛ ወጣች።

«ጾም ነው፤ ቅቤ አልነካም» አሉ አባቴ። «አንቺ ልጅ፣ የኑግ ዘይት አምጪ።»

ፍሪሲዮኑን ቀቡት። ሹሙ ረገጠው፤ ጩኸቱ ጠፋ። ደስ ብሎት ሄደ።

«ኑግ ቶሎ ይደርቃል» አሉን አባቴ ላባቸውን እየጠረጉ። «መኪናው እንደገና እስኪጮህ ድረስ ግን ከበሩ እንዳትርቁ።»

ዛሬ የልጅ ልጄ ዘይት ይዞ ጎንበስ ሲል እጁን ያዝኩት።

«ተወው፤ መምጣትህን ልስማ» አልኩት።