መነጽሬን ያስወለቁኝ ጋሼ ሸምሱ ናቸው

ዛሬ ጠዋት ለደንበኛዬ ለእትዬ ዘይነባ «ወላሂ ነጭ ነው!» ብዬ ክሬም ጨርቅ ልሸጥላቸው ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ነጭና ክሬም ጠፋብህ?» አሉኝ። ገዢው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ አካባቢ ጨርቅ ነው የምሸጠው። ሩቅ አይታየኝም ነበርና ከወራት በፊት ዓይኔን በሌዘር ታከምኩ። ከመነጽር ተገላገልኩ ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ ምሳ ጋበዝኩ።

ሐኪሟ «ፀሐይ ላይ ስትወጣ ጥቁር መነጽርህን እንዳታወልቅ» ብላኝ ነበር።

መርካቶ ውስጥ ግን ገዢ ጨርቁን ደጅ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ካላየው አይገዛም፤ እኔም አብሬ እወጣለሁ። በዚያ ላይ የጎን ሱቁ ጋሼ ሸምሱ «ዓይኑን የሸፈነ ነጋዴ ዋጋም ይሸፍናል» እያሉ አሳቁብኝ። መቼም የሐኪም ትእዛዝ ከጋሼ ሸምሱ ቀልድ አይበልጥም። አወለቅኩት።

ዛሬ ከእትዬ ዘይነባ ፊት በቀጥታ ወደ ክሊኒክ ሄድኩ። የዓይኔ የፊት መስታወት፣ ኮርኒያ የሚሉት፣ ላይ ጭጋግ ተፈጥሯል። ሐኪሟ «ቢጠነቀቁም አንዳንዴ ይመጣል» አለችኝ፤ እኔ ግን ፀሐይ እያሞቅኩ ኮትኩቼ ነው ያሳደግኩት። ጠብታ ታዞልኛል። ይጠራ አይጠራ ገና አይታወቅም።

ሱቅ ስመለስ ጋሼ ሸምሱ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ሐኪም መነጽር አድርግ ሲልህ አትሰማም እንዴ?»

እናንተስ የሰው ሳቅ ፈርታችሁ ምን አወለቃችሁ? ጻፉልኝ። እኔ ማንበቡ ስለሚያስቸግረኝ ሱቄ በር ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብልኛል፤ ጋሼ ሸምሱም ይስሙት።