ጮክ ብለሽ አንብቢው

አጎቴ የድሬዳዋ ልጆች የሠሯቸውን ፊልሞች ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ያሻሽጥ ነበር። ውል ሲመጣ እስክሪብቶውን ደረት ኪሱ ውስጥ ይከትና፣ «ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ዓይን ይዘላል፣ ጆሮ አይዘልም» ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ ገዢ ሰዓቱን እያየ ሲቁነጠነጥ፣ «ለዘለዓለም» የምትል ቃል ላይ ስደርስ አጎቴ አስቆመኝ።

«አቦ! ዳይሬክተሯ የለፋችበትን ፊልም ለዘለዓለም ለአንድ ጣቢያ? ይሄማ መቅበር ነው» አለ።

ገዢው ጥሎን ወጣ። እኔም አጎቴን አኮረፍኩት። ሰውየው በሳምንቱ «እሺ፣ አምስት ዓመት» ብሎ ተመለሰ።

በአጎቴ አርባ ማግስት ሌላ ውል መጣልኝ። «ፈርሚ እንጂ፣ ማንን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ አዲሱ ገዢ። ባዶው ወንበር ፊት ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ያቺው «ለዘለዓለም» ተቀምጣለች። ቆምኩ፤ «አቦ!» የሚል ግን የለም።