መኪና ይዤ አውድማ የገባሁ ዕለት

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ በአንድ የጥር ቅዳሜ ነው። ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ዛሬ ግማሹ ፀጉሬ ጥሎኝ ሄዷል፣ ብዙ ነገርም ረስቻለሁ፤ የሠርጌን ቀን እንኳ የምታስታውሰኝ ሚስቴ ናት። ያችን ቅዳሜ ግን ከጧት እስከ ማታ ሳልዘል ላወራት እችላለሁ። በእኔ ጥድፊያ የሰው እግር ተሰብሮባታል።

መሥሪያ ቤታችን በየዓመቱ የሠራተኞች ስፖርት ቀን ነበረው። በዚያ ዓመት ከእግር ኳሱና ከገመድ ጉተታው ሌላ አዲስ ውድድር ተጨመረ፤ ሜዳ ላይ በተደረደሩ ጣሳዎች መካከል መኪና እያጠማዘዙ መንዳት። ጣሳ ሳይነካ ቶሎ የጨረሰ ያሸንፋል። ሽልማቱ ትንሽ ራዲዮ ነበር። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ሦስት ወሬ ነው፤ በራሴ ግምት ግን ከእናቴ ሆድ የወጣሁት መሪ ጨብጬ ነው።

የሚያሠለጥኑን ጋሽ ይርጋ የሚባሉ የመሥሪያ ቤቱ አንጋፋ ሾፌር ነበሩ። መኪናዋም የእሳቸው ነበረች፤ አንዲት አሮጌ ሰይቼንቶ። ስትነሳ ከኦሎምፒያ እስከ መገናኛ ያለውን ሕዝብ የምታስነጥስ ነበረች። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን ለልምምድ የምትገኘው እያንዳንዷ ጠብታ እንደ ጠበል የምትቆጠር ስለሆነች ጋሽ ይርጋ ማባከን አይወዱም።

የምንለማመደው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስተምሥራቅ፣ ዛሬ ፎቅ በፎቅ ላይ በቆመበት ሰፈር ነው። ያኔ የጤፍ ማሳ ነበር። የአካባቢው ገበሬ ማኅበር ሳር የበቀለበት አንድ ቁራጭ መሬት ፈቅዶልን፣ አሸዋ የሞላናቸውን አሥር ጣሳዎች እዚያ እንደረድር ነበር።

የጋሽ ይርጋ ትምህርት አሰልቺ ነበር። መጀመሪያ መንገዱን በእግር ሦስት ጊዜ መዞር። ከዚያ አንድም ጣሳ ሳይነኩ በአንደኛ ማርሽ መዞር። ፍሬን ከመታጠፍ በፊት እንጂ እየታጠፉ አይያዝም። ዓይን የሚያየው የሚቀጥለውን ጣሳ እንጂ አጠገብ ያለውን አይደለም።

«ፍጥነቱን መቼ ነው የሚያስተምሩን?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ፍጥነት ትምህርት አይደለም፤ የትምህርት ደመወዝ ነው። ሳትሠራ ደመወዝ የሚሰጥህ ማን ነው?» አሉኝ።

በዚያች ቅዳሜ ስንደርስ ጋሽ ይርጋ ቀድመውን ጣሳዎቹን አሰናድተው ነበር። «ዛሬ የተለወጠ ነገር አለ። በእግራችሁ ዙሩትና ኑ» አሉን። ከመዝገብ ቤት የመጣው ጓደኛዬ ተፈራ ገና ሁለት እርምጃ ስራመድ ይስቅብኝ ጀመር።

«ጋሽ ይርጋ፣ ልጁን መንዳት ነው ወይስ ሰልፍ ነው የሚያስተምሩት? ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ!»

ሌሎቹም ሳቁ። እኔ ደግሞ በሰው ስስቅ እንጂ ሲሳቅብኝ አልወድም። ጋሽ ይርጋ ዞር ብለው ከሰዓት ያዡ ጋር ሲነጋገሩ ሰይቼንቶዋ ውስጥ ዘልዬ ገባሁና አስነሳኋት። መንገዱን ባለፈው ሳምንት አይቼዋለሁ፤ ጣሳ እግር የለው፣ የት ይሄዳል?

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ጣሳዎች እንዴት እንዳለፍኳቸው ብትጠይቁኝ አላውቅም። ጓደኞቼ የሚያጨበጭቡልኝ መሰለኝ። ኋላ እንደሰማሁት «አቁም!» እያሉ እጃቸውን እያወዛወዙ ነበር።

በሜዳው ጫፍ አንዲት ጉብታ ነበረች። ባለፈው ሳምንት የመጨረሻው ጣሳ ከጉብታዋ ማዶ ስለነበር ወጥቶ ዞሮ መመለስ ነበር። በመካከሉ ግን ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ገበሬ ከጉብታዋ ማዶ አውድማቸውን ለቅልቀው ጤፋቸውን መውቃት ጀምረዋል። ጋሽ ይርጋ ይህን አይተው ጣሳውን ወዲህ አምጥተውታል። በእግሬ ብዞር ኖሮ አውድማውንም ሰውዬውንም አይ ነበር።

ጣሳውን ያየሁት ካለፍኩት በኋላ ነው። ደንግጬ እየታጠፍኩ ፍሬን ያዝኩ። መኪናዋ በደረቁ ሣር ላይ በጎኗ ተንሸራታ ጉብታዋን ወጣችና ወደ ማዶ ወረደች።

ሁለት በሬዎች አየሁ። ከኋላቸው አለንጋ የያዙ ሽማግሌ። ዓይኔን ከእሳቸው ላይ ማንሣት አቃተኝ፤ መኪናዋም ዓይኔን ተከትላ ወደ እሳቸው ሄደች። በሬዎቹ በርግገው አመለጡ። ኦቦ ቶሎሳ ዘለሉ፤ አንድ እግራቸው ግን ቀረ። መኪናዋ የነዶው ክምር ውስጥ ተቀርቅራ ቆመች።

ወርጄ ወደ እሳቸው ሮጥኩ። መሬት ላይ ተቀምጠው ቅልጥማቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ እግሩ መታጠፍ በማይገባው ቦታ ታጥፏል። ቀና ብለው አዩኝና ጥርሳቸውን ነክሰው፦

«ጫማህን!» አሉኝ።

አልገባኝም።

«አውድማ ነው። ጫማህን አውልቅ!»

አውድማ በጫማ አይረገጥም። እህል የሚወርድበት ቦታ ነው፤ የተከበረ ነው። እኔ መኪና ይዤ ገብቼበታለሁ። ጫማዬን ሳወልቅ ክሩን መፍታት አቅቶኝ አለቀስኩ።

ወጌሻ ተጠርቶ እግራቸው በሸንበቆ ታሰረ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጥበቃዎች አስከትለው መጡ። በዚያ ዘመን መታሰር ቀላል፣ መፈታት ግን ከባድ ነበር። ጋሽ ይርጋ ቀድመው «መኪናዋ የእኔ ናት፣ አስተማሪውም እኔ ነኝ፣ እኔን እሰሩ» አሉ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። «እኔ ነኝ» ለማለት አፌ እስኪላቀቅ አንድ ዓመት የፈጀ መሰለኝ።

ሊቀ መንበሩ ክንዴን ሲይዙኝ ኦቦ ቶሎሳ ከተኙበት ተናገሩ።

«የት ልትወስደው ነው?»

«ወደ እስር ቤት ነዋ!»

«ጤፌንስ ማን ያበራያል? አንተ?»

ሊቀ መንበሩ ቀና ብለው ወደ ላይ አዩ። ሰማዩ ደመና ቋጥሯል፤ ዝናብ ከመጣ የቤተሰቡ የዓመት ቀለብ አውድማ ላይ ይበሰብሳል። ኦቦ ቶሎሳ ወንድ ልጃቸው ዘምቷል፤ ቤት ያሉት ባለቤታቸውና ሁለት ሴት ልጆች ብቻ ናቸው።

«እግሬን የሰበረ እግሬ ይሁን» አሉ። «ጤፉ ሲገባ የምታደርጉትን አድርጉ።»

እንደዚያ ሆነ። የዓመት ፈቃዴን ጠይቄ በባዶ እግሬ በሬ ተከትዬ መዞር ጀመርኩ። ጋሽ ይርጋም ከሥራ ሲወጡ እየመጡ መንሽ ይይዙ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ ከዳር ቁርበት ላይ ተጋድመው ያዩኛል። ዝናቡ እንዳይቀድመኝ ስለፈራሁ በሬዎቹን ማጣደፍ አበዛሁ።

«ጉርባ!» አሉኝ፤ ልጅ ማለታቸው ነው። «በሬ ሲሮጥ ጭዱን ይበትናል እንጂ ፍሬውን አያወርድም። ተዋቸው፣ ራሳቸው ያውቃሉ።»

ተውኳቸው። በሬዎቹ በራሳቸው እርምጃ ዞሩ፣ እኔም አብሬያቸው ዞርኩ። ስንት ዙር እንደሆነ እግዜር ይወቅ፤ ለእኔ አሥመራ ደርሶ መልስ ነበር። በስድስተኛው ቀን ጤፉ ጎተራ ገባ። ዝናቡ የጣለው በማግሥቱ ነው።

ኦቦ ቶሎሳ ሊቀ መንበሩን አስጠርተው «ጨርሰናል፤ ከዚህ ልጅ ጋር ጉዳይ የለኝም» አሉ። ውድድሩ ላይ አልተገኘሁም። ራዲዮውን ማን እንደወሰደው እንኳ አላውቅም።

ለፋሲካ በግ ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሊሸኙኝ ተነሡ። እግራቸው ድኗል፤ ግን ጎብጦ፣ አጥሮ ነው የዳነው። እንዳይደክማቸው ብዬ ወደ ኋላ ስጎተት ተቆጡኝ። «ለእኔ ብለህ አትንቀርፈፍ! ሽማግሌ አደረግከኝ እንዴ?» ብለው እያነከሱ ቀደሙኝ። እኔ ከኋላቸው ሆኜ ያንን እግር ሳይ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ተጠያየቅን። ልጆቻቸው ዛሬም ወንድም ይሉኛል። ሰዎች «ይቅር ብለውሃል፣ ምን ያስጨንቅሃል?» ይሉኛል። ልክ ናቸው፣ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ግን ኦቦ ቶሎሳ ገበሬ ነበሩ። በየክረምቱ ጭቃ ውስጥ ሞፈር ይዘው፣ እያነከሱ፣ በዚያ እግር አሥራ አንድ ዓመት አርሰዋል።