ፒክአፕ አላውስም

ፒክአፕ ማለት ለሰው ሁሉ ከኋላው ዕቃ የሚጫንበት መኪና ነው። ለእኛ ለሦስታችን ግን ከቤዝ ጊታር ክሮች ሥር የሚቀመጥ፣ በጥቁር ፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ረዘም የሚል ማግኔት ነበር። የክሩን ንዝረት ተቀብሎ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚልከው እሱ ነው። ሀርጌሳ ውስጥ ስለዚህ ማግኔት በአማርኛ የሚከራከር ከእኛ ሌላ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ቃሉን እንደ ግል ንብረታችን ይዘነው ነበር። እሱ ነው ጉድ የሠራኝ። ጉድ ሠራኝ ማለቴም ራሴን ለማዳን ነው እንጂ ቃሉማ ምን አደረገ።

ሦስታችን ያልኩት እኔን፣ አየር መንገድ የሚሠራ አንድ ያገሬን ልጅና አዲስ አበባ ያደገ የሀርጌሳ ተወላጅ ጓደኛችንን ነው። እኔ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነኝ፤ ሪፖርት እጽፋለሁ፣ ከአንዱ ሚቲንግ ወጥቼ ሌላው ውስጥ እገባለሁ። የአየር መንገዱ ልጅ ሳቂታ ነው፤ በሄደበት ሁሉ ክርና ገመድ በሻንጣው ሸጉጦልን ይመጣል። የሀርጌሳው ልጅ እንግሊዝኛ ያስተምራል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አማርኛው ግን ከኔ ይልቅ የአራዳ ነው። ከሦስታችን ቤዝ አሳምሮ መጫወት የሚችለውም እሱ ብቻ ነው።

ዓርብ ዓርብ ጠዋት ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ እንሰበሰብና ጎረቤት እንዳናስቀይም ድምፁን ዝቅ አድርገን ጊታር እናወዳድራለን። አንዳችን አንዱን ዜማ በሁለት ጊታር ይመታል፤ የቀሩት ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈርዳሉ። ወደ አንገቱ የተጠጋው ፒክአፕ ድፍንና ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፤ ክሮቹ የሚታሰሩበት ጋ ያለው ደግሞ ጠንከርና ጠራ ያለ። ለዚህ ሁሉ ልዩነት የሚበቃ ቃል ስለሌለን ከወጥ ቤት እንዋሳለን።

"ይሄ ቅቅል ነው፤ ቅባቱ ሁሉ ይታየኛል።"

"ያኛው ሽሮ ነው፣ ያውም ውሃ የበዛበት።"

"ደህና ነበር እኮ፤ ጨው ረስተውበት ነው እንጂ።"

አንድ ቀን ሁለቱ ተጣቅሰው፣ ዓይኔን በጨፈንኩበት፣ ከሁሉ የናቅኩትን ርካሽ ጊታር መቱልኝ። እኔም "ይሄ ነው! ሰባት ጊዜ የተፈላ ቅቅል!" ብዬ ጮህኩ። ዓይኔን ስገልጥ የአየር መንገዱ ልጅ ወለሉ ላይ ተንከባሎ ይስቃል። ገመዱ ነው፣ አየሩ ነው፣ አቧራው ነው እያልኩ ተከራከርኩ። መሸነፍ አልወድም።

እኔ አምስት ቤዝ አለኝ፤ ከሦስታችንም መጫወት የማልችለው እኔ ነኝ። ሁለት ዘፈን እንደምንም እወጣለሁ፣ ሦስተኛው ላይ ጣቴ ይተሳሰራል። አንዱን ስገዛ የሌላው ጉድለት ይታየኛል፣ ያንን ለመሙላት ሌላ አስመጣለሁ። ቤዝ የሚሸጥ ሱቅ ባላየሁበት ከተማ ቤዝ መሰብሰብ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ እኔ ግን እለቅማለሁ። ከአሮጌ ጊታሮች የተፈቱ ትርፍ ፒክአፖችም አሉኝ። እያንዳንዳቸውን በንጹሕ ካልሲ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። ከሥራ ስመለስ አንዳንዴ አወጣቸውና አይቼ አይቼ መልሼ እጠቀልላቸዋለሁ። ብቻዬን ስለምኖር ይህን የሚያይብኝ ሰው አልነበረም፤ አሁን ስጽፈው ግን ፊቴ ይግላል።

የሀርጌሳው ልጅ ያለው አንድ ቤዝ ነው፤ ፒክአፑ ከሞተ ቆይቷል። ሲሰካ እንደ ዝንብ ይጮሃል እንጂ ዜማ አይወጣውም። ዓርብ ዓርብ በእኔ ጊታር ይጫወታል፤ ቤቱ ሲሆን ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጥፎ ነው የሚለማመደው። ያዘዘው እስኪመጣለት ድረስ ከመሳቢያዬ አንዱን እንዳውሰው ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። ሁለቱንም ጊዜ "ፒክአፕና የጥርስ ብሩሽ አይዋስም" ብዬ አለፍኩት። እሱም ሳቀ፤ እኔም ሳቁን እንደ ስምምነት ቆጠርኩት።

መኪናም አለኝ። ከዱባይ የመጣ አሮጌ ነጭ ደብል ጋቢና ነው፤ በሰው ሁሉ ቋንቋ ፒክአፕ ማለት ይኸው ነው። እኛ ግን "መኪናው" ነው የምንለው። መኪናውን ያልነዳው የለም፤ ሶፋ የሚያግዝ፣ ሲሚንቶ የሚያመጣ፣ እንግዳ የሚቀበል ሁሉ ቁልፉን ከእጄ ይወስዳል። አንድም ቀን እምቢ ብዬ አላውቅም። በዚህም የተነሳ ራሴን ለጋስ ሰው አድርጌ እቆጥር ነበር።

አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ ድሬዳዋ ያደጉ፣ እዚያው ዘመናቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ ከባለቤታቸው ጋር ወደ ወላጆቻቸው ከተማ የተመለሱ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛቸው የጥቁር ሰሌዳ አማርኛ ነው፤ ሲናገሩ አራት ነጥቡ ሳይቀር ይሰማል። ጋሼ እላቸዋለሁ፣ ልጄ ይሉኛል። ቤቱን የተከራየሁ ሰሞን ቁጥሬን ጠይቀው መነጽራቸውን አድርገው መዘገቡ፤ የራሳቸውንም ቀስ ብለው ነገሩኝ። "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል። ሌትም ይሁን ቀን ደውል" አሉኝ። ስልኬን ነካ ነካ አድርጌ የመዘገብኩ መሰልኩ እንጂ አልመዘገብኩም። እሳቸው ለእኔ ምን ያስፈልጉኛል ብዬ ነው መሰለኝ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት ሚቲንግ ላይ ሆኜ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። መልእክቱ በአማርኛ ነው። "እንዴት ዋልክ? ፒክአፕህን ለነገ ብታውሰኝ ደስ ይለኛል። በጥንቃቄ ይዤ እመልስልሃለሁ።"

ቁጥሩን አላውቀውም። የሀርጌሳው ልጅ ግን ሲም ካርድ መቀያየር ልማዱ ነው፤ ደግሞስ በዚህ ከተማ በአማርኛ የሚጽፍልኝ ከሁለቱ ሌላ ማን አለ? ሦስተኛ ጊዜ መጠየቁ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ስልኩን ጠረጴዛው ሥር ይዤ እንዲህ ብዬ መለስኩ፦ "ፒክአፔን ከማውስህ ጥርሴን ነቅዬ ብሰጥህ ይቀለኛል። የሰው ዕቃ ላይ ዓይንህን ከምትተክል የራስህን ግዛ። ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ።" የሳቅ ምልክት እንኳ አልጨመርኩበትም። መልስ አልመጣም። ዝም በማለቱ ደስ አለኝ፤ ቀና ብዬም ስለ ማኅበረሰብ ተሳትፎ አስተያየት ሰጠሁ።

በማግስቱ በረንዳው ላይ ጊታሮቹን ደርድረን ገና አንዱን ከማስተካከላችን በር ላይ የብረት መንኳኳት ሰማን። ብቅ ስንል አንድ የአህያ ጋሪ ከጎረቤቴ በር ቆሟል። ላዩ ላይ የሆስፒታል አልጋ አለ፤ ግማሹ ከጋሪው ውጪ ተንጠልጥሏል። ጋሼ ኮታቸው አቧራ ለብሶ በአንድ እጃቸው አልጋውን ደግፈዋል። በሌላው ላባቸውን ይጠርጋሉ።

ሦስታችንም ሮጥን። ከባለጋሪው ጋር ተጋግዘን አወረድነው። ነገሩን የሰማሁት ያኔ ነው። ባለቤታቸው አዲስ አበባ ዳሌያቸው ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ነበር፤ በዚያው ቀን ቀትር ላይ በአውሮፕላን ይገባሉ። ሐኪሙ ራስጌው ከፍ ዝቅ የሚል አልጋ ያስፈልጋቸዋል ስላለ ጋሼ 26 ጁን የሚባለው ሰፈር ካለ ዘመድ ቤት ይህን አግኝተው፣ ከትናንት ጀምሮ መኪና ሲያፈላልጉ ቆይተው፣ በመጨረሻ በጋሪ አመጡት። መንገድ ላይ ጋሪው ድንጋይ ረግጦ አልጋው ወድቋል። ራስጌውን የሚያነሳው መዘውር ተቆልምሞ አልዞርም ብሏል።

ታዲያ እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ ሰፈሩ እንዲሰማ፣ "ጋሼ! ምነው እኔ እያለሁ? መኪናው እዚህ ተገትሮ በአህያ? ምን ነበረበት ቢነግሩኝ! በእውነት ተቀይሜዎታለሁ!" አልኳቸው።

ጋሼ ደጃፌ ላይ የቆመውን ነጭ መኪና አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ባለጋሪውም ያየኛል።

"ሥራ ይበዛብሃል ብዬ ነው፣ ልጄ" አሉ። "አላህ ይስጥልኝ፣ ስላገዛችሁኝ።"

"እሺ አየር ማረፊያ እኔ ልውሰድዎት።"

"የእህቴ ልጅ ይመጣል። አልሐምዱሊላህ፣ መኪና ተገኝቷል።"

ወደ በረንዳው ስንመለስ ልቤ በገዛ ደግነቴ ሞቆ ነበር። ለሀርጌሳው ልጅ፣ "አንተስ? ትናንት አፍህን አላስያዝኩህም?" አልኩት።

"ምን አድርገህ?"

"በመልእክቱ ነዋ።"

"ምንም አልላክሁልህም እኮ።"

ስልኬን አወጣሁ። የአየር መንገዱ ልጅ ከእጄ ነጥቆ ጮክ ብሎ አነበበ። "ጥርሴን ነቅዬ" የሚለው ላይ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በድንገት ሳቁን ገትቶ ወደ አጥሩ ዞረ። እኔም ዞርኩ። ፒክአፕ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከስልክ የወጣማ ገደል ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ስል፣ ከሁሉ ይልቅ የለበለበኝ መልእክቱ አልነበረም። ሰደብኳቸው፣ በጋሪ አስጓዝኳቸው፣ ያም ሳይበቃኝ ሰው ፊት "ተቀይሜዎታለሁ" አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ እንዳላፍር ብለው ሥራዬን ሰበብ አደረጉልኝ።

የሀርጌሳው ልጅ ስልኩን ተቀብሎ መልእክቱን አነበበው። ደግሞ አነበበው። ፈገግ ብሎ ስልኩን መለሰልኝና "ጁምዓ ደረሰ" ብሎ ተነሳ። ለጁምዓ ገና ነበር። እኔ ግን በራሴ ጉድ ተይዤ ስለነበር ልብ አላልኩም።

የዚያን ቀን ጎረቤት ቤት በጠያቂ ተሞላ፤ እኔ መጋረጃዬን ዘግቼ ዋልኩ። ቅዳሜ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ። ማብራሪያዬ ባዶ እጁን ከሄደ ውሸት ይመስላል ብዬ አንድ ፒክአፕ ይዣለሁ። ባለቤታቸው፣ እማማ የምላቸው፣ አልጋው ላይ በትራስ ክምር ተደግፈው ተቀምጠዋል። መዘውሩ ስላልሠራ ትራሱ እየሸሸ ቁልቁል ያንሸራትታቸዋል፤ ጋሼ በየጊዜው እየተነሱ በብብታቸው ይዘው ቀና ያደርጓቸዋል። እማማ በተነሱ ቁጥር ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። እኔ ደግሞ ወለሉን አያለሁ።

ሁሉንም ተናገርኩ። ቁጥራቸውን አለመመዝገቤን፣ ቃሉ በእኛ አፍ ሌላ ትርጉም እንዳለው፣ ጓደኛዬ የጻፈልኝ መስሎኝ እንደነበር። ፒክአፑን አወጣሁ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡት። የሻይ ማንኪያ ሲጠጋው ጥብቅ ብሎ ያዘው።

"ወላሂ?" አሉ እማማ። "ፒክአፑ ይሄ ነው? እኔ ደግሞ ስንት ሰው የሚጭን መኪና ነው ብዬ!" ሳቁ። ሳቁ ዳሌያቸውን አመማቸው፤ እንደገና ሳቁ። ጋሼም ሳቁ። ከደረቴ ላይ ትልቅ ድንጋይ ወረደ፤ ሻዩን አንስቼ ጠጣሁ፤ ይቅር የተባልኩ መሰለኝ።

ጋሼ ስልካቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡ። የተማሪ ፈተና እንደሚያርሙ ሁሉ መልሴን ከላይ እስከ ታች ቀስ ብለው አነበቡት።

"እንግዲያው ይህ የተጻፈው ለጓደኛህ ነው።"

"አዎ፣ ጋሼ። አልጋውን ካወረድነው ሰዎች ያ ቀጭኑ።"

"ያ ትሑቱ ልጅ? በራስጌው በኩል የያዘው?"

"አዎ። ግን በመካከላችን ቀልድ ነው። እንዲህ እየተባባልን ነው የምንጫወተው።"

"ቀልድ ከሆነ ደህና። ቀልዶ መስጠትም አለ። ሰጠኸው?"

ማግኔቱ ማንኪያውን እንደያዘ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ልዋሽ አሰብኩ። እማማም ያዩኛል።

"አልሰጠሁትም።"

"አንተ ትሠራበታለህ?"

"አይ። መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።"

ጋሼ ትራሱ ሸሽቶ ነበርና ተነሱ፤ ባለቤታቸውን በብብታቸው ይዘው ቀና አደረጓቸው፣ ትራሱንም ከኋላቸው ደልደል አደረጉት። ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ "እኔ እኮ የከለከልከኝ ባዳ ስለሆንኩብህ መስሎኝ ነበር" አሉ።